ከነልጣጩ

የፖም ዛፍ ቅጠሉ ካልረገፈ አያብብም። ፈረንጅ አገር ቅጠሉን የሚያረግፈው በረዶ ነው ይባላል። እኛ ጋ፣ ከገሳይ በላይ በጉና ግርጌ፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል እንጂ ቅጠል አያረግፍም። ስለዚህ በእጃችን እንለቅመዋለን። ፍሬው ከተሸጠ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ አባቴና እኔ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዞርን አንድም ሳናስቀር ቅጠሉን እናወርደዋለን። በቀስታ ካልሆነ ከቅጠሉ ሥር ያለችው እንቡጥ አብራ ትገነጠላለች። እሷ ከሄደች የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ሥራ አባቴ የተማሩት ጨንቻ ነው። ፋሲል የሚባል የግብርና ባለሙያ የአካባቢያችንን ገበሬዎች በመኪና ወደዚያ ወስዶ አሳይቷቸው ነበር። ከሄዱት ውስጥ ተመልሶ የሞከረው አባቴ ብቻ ናቸው። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ነገር ግን አጥሩ ላይ ተደግፈው የሳቁትን ሰዎች አስታውሳለሁ።

«ጌጡ! ዛፍህን ምነው ራቁቱን አቆምከው? ነጠላ እናውስህ?»

«ተውት፣ ለፍየሎቹ የሚሰጠው አጥቶ ነው።»

«ኧረ ጸበል ውሰዱት!»

አባቴ ሳይመልሱ ቅጠላቸውን ለቀሙ። የካቲት ሲመጣ ያ ጭራሮ የመሰለ ዛፍ ከላይ እስከ ታች በነጭ አበባ ተሸፈነ። የሳቁት ሰዎች በዚያው አጥር ላይ ቆመው አፋቸውን ይዘው አዩ። ክረምት ላይ ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ችግኝ ሊለምኑ መጡ። ከዚያ ወዲህ አባቴን የሚያሳምን ሰው ጠፋ። አንድ ነገር «አይሆንም» ባሏቸው ቁጥር ወደ ዛፎቹ ይመለከቱና ፈገግ ይላሉ። ፈገግታው «ያኔም ብላችሁኝ ነበር» ማለት ነው።

ሕመማቸው የታወቀው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ውኃ አልበቃ አላቸው፤ ልብሳቸው በላያቸው ሰፋ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰድናቸውና ስኳር መሆኑ ተነገረን። መጀመሪያ ክኒን ታዘዘላቸው፤ ክኒኑ አልበቃ ሲል መርፌ ተጨመረ። መርፌ መውጋት የተማርኩት እኔ ነኝ። ያስተማረችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሂክማ ናት። መለማመጃ ብርቱካን ስላልነበራት ከኪሴ ባወጣሁት ፖም ላይ አለማመደችኝ። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ትንሽ ገንቦ ውስጥ ጓዳ አስቀመጥነው። ጠዋት ጠዋት አባቴ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ሸሚዛቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔ እወጋለሁ፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። አንነጋገርም። እኔ ሰው ፊት ቃል የሚጠፋብኝ ነኝ፤ እሳቸው ፊት ደግሞ ይብስብኛል። ነገር ግን ያችን ጊዜ እወዳት ነበር። ሰውነታቸው እያገገመ፣ ፊታቸው እየሞላ ሲሄድ ይህን ያደረገው የእኔ እጅ ነው ብዬ በልቤ እኮራ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ በእኛ ማሳ የመስክ ጉብኝት በተደረገ ቀን ነው። ዳስ ተጣለ፤ ከወረዳም ከዞንም ሰው መጣ። ፋሲል ማይክ ይዞ ስለ ፖም ጥቅም ተናገረ። ለአንጀት ጥሩ ነው፣ ሆድ እንዳይደርቅ ያደርጋል አለ። ለልብ ጥሩ ነው አለ። ከነልጣጩ ሲበላ ጣፋጩ ቀስ እያለ ነው ወደ ደም የሚገባው፤ ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰውም መድኃኒቱን እየወሰደ በልኩ ቢበላው አይጎዳውም አለ። ከዚያ ማይኩን ለአባቴ ሰጣቸው።

አባቴ ማይክ ይዘው አያውቁም። መጀመሪያ እንደ በትር ጨበጡት።

«እኔ ስኳር አለብኝ» አሉ። «ዓይኔ ፈዞ ነበር። ሰውነቴ አልቆ፣ ማሬ ለተዝካሬ እህል መቆጠብ ጀምራ ነበር።»

ማሬ እናቴ ናት። ሰው ዞሮ አያት፤ እሷም እየሳቀች በነጠላዋ ተሸፈነች።

«ዛሬ እንደምታዩኝ ነኝ። ጠዋት አንድ ፖም፣ ማታ አንድ ፖም እበላለሁ። ከነልጣጩ!»

ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ስለ መርፌው አልተናገሩም። ሊዋሹ ፈልገው አይመስለኝም፤ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ በልጁ እጅ እንደሚወጋ የሚያወራ አባት የለም። ነገር ግን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ነበርና ንግግራቸው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። በደብረ ታቦር ገበያ ፍራፍሬ የሚሸጡት የአባቴ የቆየ ወዳጅ ጋሽ ዑመር ሱቃቸው ላይ «የጌጡ ፖም፣ ከነልጣጩ» የሚል ካርቶን ሰቀሉ። ከገሳይ፣ ከሐሙሲት፣ ከወንዛዬ ሳይቀር ሰው እየጠየቀ ቤታችን መጣ። የመጣው ሁሉ ቤቱ ውስጥ አንድ በሽተኛ ያለው ነው። አባቴ ሁሉንም አስቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩታል። በተነገረ ቁጥር ፖሙ እየገነነ፣ መርፌው እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ ከራሳቸውም ልብ ወጣ።

አንድ ጠዋት መርፌውን አዘጋጅቼ ስገባ ሸሚዛቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ተወው» አሉኝ።

«ምነው አባዬ፣ አመመዎት?»

«ደኅና ነኝ። ደኅና ስለሆንኩ ነው ተወው የምልህ።»

«ሂክማ ደኅናም ቢሆኑ እንዳያቋርጡ ብላለች።»

«አለምነው።» ስሜን እንዲህ ሲጠሩ ሊያስተምሩኝ ነው። «ቅጠል ለዛፍ ምን ያደርግለታል?»

«ይመግበዋል።»

«ጥሩ ነገር ነዋ?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን እንለቅመዋለን?»

«እንዲያብብ ነው።»

«ይኸው ነው ልጄ። ጥሩም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ ይረግፋል። ካልረገፈ ዛፉ ይሰንፋል። የእኔም ሰውነት መርፌውን ተደግፎ ሰነፈ። ይርገፍለት፤ ያብባል።»

መርፌውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልክ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ልክ ያልሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ግን በቃል ማሳየት አቃተኝ። ስለ ዛፍ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዛፍ ሲከራከሩኝ በምን ልመልስ?

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። «ኧረ በእመቤቴ! የሐኪም ቃል ይስሙ። እኛን ምን ሊያደርጉን ነው?»

«ማሬ፣ አንቺ ያኔም ‹ጎረቤት ምን ይለናል› ብለሽኝ ነበር።»

እውነትም ብላ ስለነበር እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ሂክማ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። በማግስቱ የስኳር መለኪያዋን ይዛ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች። አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሏት፤ ለጣታቸውም እንቢ አላሉም። ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሂክማ ጎናቸው ተቀምጣ መርፌው ሲቋረጥ ኩላሊት ላይ፣ ዓይን ላይ፣ እግር ላይ የሚሆነውን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ፖሙም ጥሩ ነው፣ ፖሙን አይተዉ፣ ግን የመድኃኒትን ቦታ አይይዝም አለቻቸው። አባቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«እሺ ልጄ። እሺ። ልክ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ።»

ቦርሳዋን በፖም ሞልተው፣ እስከ አጥሩ በር ሸኝተው ላኳት። እኔ እስከ መንገዱ አወረድኳት።

«አየህ፣» አለችኝ ደስ ብሏት፣ «በደንብ ሲያስረዷቸው እኮ ይገባቸዋል። ከነገ ጀምሮ ትወጋቸዋለህ።»

እኔ ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው የመጣን እንግዳ እንቢ ብለው አያውቁም። «እሺ» የሚሉት ለእንግዳው ነው፤ ለነገሩ አይደለም። በማግስቱ መርፌውን ይዤ ቀረብኩ።

«ተወው አልኩህ እኮ።»

«ለሂክማ እሺ ብለዋት ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ የመጣችን የሰው ልጅ ፊቷን ላጥቁራት?»

ሐምሌ ላይ ጋሽ ዑመር ፖም ሊጭኑ መጡ። እሳቸውና አባቴ ሲገናኙ መዘላለፍ ልማዳቸው ነው። አባቴ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ትልልቁን ከትንንሹ ይለያሉ፤ እኔ ጭድ አነጥፋለሁ።

«ጌጡ፣ መርፌውን ተውክ አሉ።»

«ማን አለ?» አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጭዱን አየሁ።

«ነፋስ ነገረኝ። እኔም እኮ ስኳር አለብኝ።»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ፖም ላይ ተቀምጠህ ምነው ሳትድን?»

«እኔ ወላሂ ፖሙን ሸጬ መድኃኒቱን እገዛለሁ። አንተ ብልጥ ነህ፣ መሐሉን ዘለልከው።»

እናቴ ሳቀች። አባቴም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ ዑመር ግን ሳቁን አልጨረሱትም።

«ስማኝማ። ቅጠሉን ልቀም ያለህ ማን ነው? የዛፍ ሐኪም ነው። እሱን ሰምተህ አለፈልህ። የሰው ሐኪም ሲነግርህ ምነው ጆሮህ ደነቆረ?»

«የዛፉ ሐኪም ሲነግረኝ ያበበ ዛፍ አሳይቶኝ ነው። መርፌ ተወግቶ ከስኳር የዳነ ሰው የታለ? አንድ አሳየኝና እወጋለሁ።»

መርፌው እንደማያድን፣ ነገር ግን እንደሚያኖር ጋሽ ዑመርም ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ። የሚያኖር ነገር ግን እንደ አበባ በጣት አይታይም። በመጨረሻ ጋሽ ዑመር ተነሡ።

«በል፣ እኔ ያንን ካርቶን አወርደዋለሁ። ሰው በእኔ ሚዛን ተመዝኖ እንዲሞት አልፈልግም።»

የአባቴ ፊት ተለወጠ። «አውርደው። ያኔም ስትስቁ ነበር።»

«እኔ አልሳቅኩም ጌጡ። የመጀመሪያውን ፍሬህን የገዛሁህ እኔ ነኝ።»

እውነት ነበር፤ አባቴ ፖም ወደ መለየታቸው ተመለሱ። ሳጥኖቹን ጫንን። ጋሽ ዑመር ከጋቢናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ ልጁ ነህ፣ በርታ» አሉኝ። በምን እንደምበረታ ግን አልነገሩኝም።

ፍልሰታ ገባ። አባቴ ከታመሙ ወዲህ የንስሐ አባታቸው ቀደም ብለው እንዲበሉ ፈቅደውላቸው ነበር፤ በዚህኛው ፍልሰታ ግን «ድኛለሁ» ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመሩ። ሲፈቱም ቆሎና ፖም ነው። ውኃ እንደገና አልበቃ አላቸው። ልብሳቸው እንደገና ሰፋ። እናቴና እኔ እያየን፣ አንዳችን የሌላችንን ዓይን እየሸሸን ዋልን። በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ ተደብቄ ጠላቸው ውስጥ እንደ መርፌው የተዉትን ክኒን ላደርግባቸው አስቤ ነበር። ክኒኑን መልሼ አስቀመጥኩት። ሳያውቁ አባትን ማከም እንደ መስረቅ ሆኖ ታየኝ።

አንድ ቀን በዝናቡ ውስጥ የተሰበሩ ቅርንጫፎችን ሲቆርጡ ውለው አመሻሹ ላይ ገቡ። እግራቸውን ላጥብ ውኃ አቅርቤ የግራ ቦቲያቸውን ሳወልቀው የእግር ሹራባቸው በደም ርሶ ነበር። ቦቲውን ገልብጬ ስነቀንቀው ጣት የምታህል፣ አንድ ጫፏ እንደ ሚስማር የሾለ የፖም ጭራሮ ወደቀች። ሲቆርጡ በቦቲው አፍ የገባች ናት።

«አባዬ፣ ይህ ሲወጋዎት አልተሰማዎትም?»

«ምኑ?» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ረግጠዋት ውለዋል። ጭራሮዋን በመዳፌ ይዤ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩዋትና «ዝናብ ነበር፣ እግሬ ደንዝዞ ይሆናል» አሉ። እናቴ በጨው ውኃ አጠበችው። አባቴ «ይሽራል፣ ጭረት ነው» አሉ። ያን ቀን ማታ ሁለት ፖም በሉ።

አልሻረም። ቁስሉ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ሸተተ። ሂክማ መጥታ ስታየው እንደ ወትሮው አላስረዳችም፤ «ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች። መንገዱ ግን በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር የሚንቀሳቀስ መኪና አልነበረም። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። አባቴም «ይኸው መንገዱም ተዘጋ፤ እግዜር አትሂድ ሲለኝ ነው» ብለው ተኙ። በየቀኑ ወደ ጉብታው ወጥቼ አስፋልቱን አያለሁ። ባዶ ነው። እመለሳለሁ፤ እናቴ ፊቴን ታያለች፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ጓዳ ትገባለች።

የቡሄ ዕለት ልጆች በራችን ላይ ሲጨፍሩ አባቴ አላወቁኝም። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፖም ይሸት ነበር። ይህ ስኳሩ እጅግ ከፍ ሲል የሚመጣ ሽታ መሆኑን ሂክማ ነግራኝ ስለነበር ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ገንቦውን ስከፍተው አሸዋው ደርቋል። ካቋረጥን ወዲህ ውኃ ያደረገበት የለም። መድኃኒቱም ጊዜው አልፏል። ልጅ ልከን ሂክማ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ይዛ እስክትመጣ ድረስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ስትወጋቸው ሸሚዛቸውን ከፍ ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ። እንቢ አላሉም። እንቢ ቢሉ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ጎረቤቶቻችን ቃሬዛ አምጥተው እየተፈራረቁ ተሸከሟቸው። ያኔ አጥሩ ላይ ሆነው «ነጠላ እናውስህ» ያሉት ሰውዬ ከፊት ነበሩ። በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ ቃሬዛው እንዳይነቃነቅ «ቀስ፣ ቀስ፣ ጌጡን ቀስ» እያሉ ገሳይ አደረሱልን። ጋሽ ዑመር የጭነት መኪናቸውን ይዘው እዚያ ጠበቁን።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለኝ። ካልተቆረጠ ሕይወታቸው ያልፋል፤ ቶሎ ወስን አለኝ። ከባድ ነገር ሲመጣ የምጠይቀው አባቴን ነበር። ዞር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያዩም። «እሺ» አልኩ። እኔ ስለው ቃሉ ለነገሩ ነበር።

ነቅተው የሆነውን ሲያውቁ አልጮኹም። ብርድ ልብሱ ባዶ ሆኖ የተኛበትን ቦታ በእጃቸው ዳበሱት። ከዚያ «ፖሙ ተለቅሞ አለቀ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላለቀም አባዬ።»

«ወፍ ይጨርሰዋል» አሉ።

የሚጠይቃቸው ሰው ግን አልተቋረጠም። በእኛ አገር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ለጌጡ ደግሞ ከፖም ሌላ ምን ይወሰዳል? የአልጋቸው ራስጌ፣ መስኮቱ፣ ወለሉ ሳይቀር በፖም ሞላ። የበዛው ከራሳችን ዛፍ ወርዶ፣ በጋሽ ዑመር በኩል ዞሮ የተመለሰ ነው። አንድ ቀን ከጎናቸው የተኙ በሽተኛ «አያ ጌጡ፣ ያ በስልክ ያየንዎት እርስዎ ነዎት? ታዲያ ፖሙ እንዴት እንዲህ አደረገዎት?» አሏቸው።

ቁስል የሚያጥበው ሐኪም እጁን ገታ አደረገ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

አባቴ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ፖም ባልበላ ኖሮ፣» አሉ፣ «ሁለቱም ይቆረጡ ነበር።»

በሽተኛው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እውነትዎን ነው» አሉ። አንድ ፖም አንሥተው በነጠላቸው ጠርገው ገመጡ፤ ከነልጣጩ። ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

አሁን ጥቅምት ነው። ቅጠል እየለቀምን ነው። አባቴ ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸው የሚደርስበትን የታችኛውን ይለቅማሉ፤ የላይኛው የእኔ ነው። መርፌውን ጠዋት ጠዋት እወጋቸዋለሁ። «የእናትህን ልብ ላሳርፍ ብዬ ነው» ይሉኛል። ቤቱን አዘግተውኝ ነው የሚወጉት፤ ሲጨርሱ ፖማቸውን ይዘው ወደ ውጭ ይወጣሉ። አጥር ላይ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ፖሙን ነው።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ዓለሚቱ እባላለሁ አለች። ከጣራ ገዳም ወዲያ ካለ አገር ነው የመጣችው፤ ጫማዋ በመንገድ አቧራ ነጥቷል። እናቷ ስኳር አለባቸው። በጭድ ውስጥ ካቆየነው ፖም እንድንሸጥላት ጠየቀች። አባቴ እንደ ልማዳቸው አስቀመጧትና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ዓይናቸው መፍዘዙን፣ ሰውነታቸው ማለቁን፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ መብላታቸውን ነገሯት። ሴትዮዋ የተጠቀለለ ሱሪያቸውን አይታ ዓይኗን መለሰች።

«መርፌስ አያ ጌጡ?» አለች። «እናቴ መርፌ ታዞላታል። ሰለቸኝ ትላለች። ፖሙን ከያዘች መርፌው ይቅር ይላሉ?»

ከመሰላሉ ላይ እጄን ገታሁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ ያን ያህል ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ቅርንጫፉ መለሱ።

«መርፌ የሐኪም ነገር ነው፤ እኔ አላውቅበትም» አሉ። «ፖሙን ግን እንዳትልጪባት። ከነልጣጩ ስጫት።»

ፖሙን በፌስታል አድርጌ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋት። በሩ ላይ ስንደርስ በጭንቅ አወጣሁት።

«እህቴ፣ እናትሽ መርፌውን እንዳያቋርጡ። አባቴም ይወጋሉ። ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የወጋኋቸው።»

ቆማ አየችኝ። መጀመሪያ የቀለድኩባት መስሏት ነበር።

«ታዲያ እሳቸው ፊት ለምን አላልከውም?»

መልስ ጠበቀች። እኔም የራሴን መልስ አብሬያት ጠበቅሁ። ስላልመጣ ፌስታሏን አነሣች።

«የታመሙት እሳቸው፣ የዳኑት እሳቸው፤ አንተ ምኑን ታውቃለህ?» አለች። በቁጣ አይደለም፤ ደክሟት ነው። ዳገቱን ስትወርድ ፌስታሉ ጉልበቷን እየመታ ሲወዛወዝ እስክትሰወር አየኋት። የእናቷን ስም እንኳ አልጠየቅኋትም።

ተመልሼ መሰላሉን ስወጣ አባቴ ከሥር ሆነው «ምን አልካት?» አሉኝ።

«መርፌውን እንዳያቋርጡ በያቸው አልኳት።»

እጃቸው ቅጠል ላይ ቆመ። የሚናገሩ መሰለኝ፤ ወረድ ብዬ ጠበቅሁ። ነፋስ መጣና የለቀምነውን ቅጠል ከእግራቸውና ከበርጩማው እግር መሐል ሰብስቦ ሄደ።

«በስተቀኝህ ያለው ቅርንጫፍ ቀርቶሃል፣» አሉኝ ቆይተው፣ «ቀስ ብለህ። እንቡጧን እንዳትነካት።»

«እሺ አባዬ» አልኩ።